የሳሞአ ሁለት በሮች

እህቶቼ፣ እኔ ወደዚህ ስመጣ ትኩሳት ነበረኝ። አየር ማረፊያ ሲለኩን ይመልሱኛል ብዬ፣ የደላላው ዕዳ አስፈርቶኝ፣ ፓናዶል ውጬ አለፍኩ። ዛሬ የአንዲት መርከብ ታሪክ ልንገራችሁ።

ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እያጨስን የምናስታውሰው የኅዳር በሽታ፣ ማለትም ኢንፍሉዌንዛ፣ በ1911 ዓ.ም. ዓለምን አዳረሰ። ያኔ በሩቅ ውቅያኖስ ካሉት የሳሞአ ደሴቶች ምዕራቡን ኒውዚላንድ፣ ምሥራቁን አሜሪካ ይገዙ ነበር። ጥቅምት 28 ቀን «ታሉን» የምትባል መርከብ ከኒውዚላንድ ሕመምተኞችን ይዛ ምዕራቡ ወደብ፣ አፒያ፣ ደረሰች። ማንም አላገዳቸውም፤ ወረዱ። 8,500 ያህል ሰው አለቀ፤ ከአምስት ሰው አንዱ ማለት ነው።

በምሥራቁ ግን ገዢው ጆን ፖየር በሩን ዘጋ። በመርከብ የመጣ ሰው ቀን ሳይቆጠርለት አይገባም፤ የአገሩ ሰዎችም ባሕር ዳሩን ይጠብቁ ነበር። በዚያ በሽታ አንድም ሰው አልሞተባቸውም።

ቀን የሚቆጠረው በሽታው ከያዘን በኋላ ምልክቱ እስኪታይ ከአንድ እስከ አራት ቀን ስለሚፈጅ ነው። መለኪያ ብቻውን ሁሉን አይዝም፤ እኛ ከደበቅን ደግሞ ጭራሽ አይዝም።

እኔ ያን ሌሊት ኤጀንሲው ቤት ከሰባት ልጆች ጋር አንድ ክፍል አደርኩ። ከእኔ ተይዛ የታመመች ትኑር አትኑር እስከ ዛሬ አላወቅሁም። መናገር እንደሚያስፈራ አውቃለሁ። ግን ትኩሳት ከያዘሽ ቢያንስ አብራሽ ለምታድረው እህትሽ ንገሪያት፤ ለእኛም ደውዪልን፣ ብቻሽን አትሆኚም።

በሰላም ለአገራችን ያብቃን።