858 ቴራባይት በአንድ ቤት

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 26 ቀን 2025፣ ዓርብ ምሽት። ዴጆን በምትባለው የደቡብ ኮሪያ ከተማ፣ በመንግሥት ዳታ ሴንተር አምስተኛ ፎቅ፣ ሠራተኞች ባትሪዎችን ወደ ምድር ቤት ሊያዛውሩ እየነቀሉ ነው። ባትሪዎቹ መብራት ሲጠፋ ሰርቨሮቹን የሚያቆዩ ናቸው። አንዱ ተቀጣጠለ። እሳቱ እስከ ማግስቱ ድረስ አልጠፋም፤ 709 የመንግሥት ሲስተሞች ቆሙ። የፖስታ ባንኩም፣ የሞባይል መታወቂያውም፣ የአቤቱታ መቀበያውም ጸጥ አለ።

ብዙዎቹ በሳምንታት ውስጥ እየተመለሱ መጡ። አንዱ ግን አልተመለሰም፤ ጂ-ድራይቭ። (የጉግል አይደለም፤ ስማቸው ስለሚመሳሰል ነው።) የኮሪያ መንግሥት ሠራተኞች ደብዳቤያቸውን፣ ረቂቃቸውን፣ ቃለ ጉባኤያቸውን የሚያስቀምጡበትና እርስ በርስ የሚጋሩበት የጋራ ፋይል ቤት ነበር። ከ2018 ጀምሮ መመሪያው ግልጽ ነው፦ ሥራህን በቢሮህ ኮምፒውተር ላይ አታስቀምጥ፣ እዚህ አስቀምጥ። ለአንድ ሰው 30 ጊጋባይት። ድምሩ 858 ቴራባይት ሆነ።

አብዛኞቹ ሌሎች ሲስተሞች ሌላ ቦታ ባክአፕ ነበራቸው። ይሄኛው አልነበረውም። የተሰጠው ምክንያት ‹መጠኑ በጣም ትልቅ ስለሆነ› የሚል ነው። እኔን እስካሁን የሚገርመኝ ይህ ነው፤ ብዙ ስለሆነ ቅጂ አልተቀመጠለትም! ከሁሉ የባሰ የተጎዳው ደግሞ መመሪያውን በደንብ ያከበረው የሠራተኞች አስተዳደር ሚኒስቴር ነው። ሁሉን ነገር እዚያ አስገብቶ ነበር። ጂ-ድራይቭን እምብዛም ያልተጠቀሙት መሥሪያ ቤቶች በኮምፒውተራቸው ላይ የቀረ ፋይል አገኙ።

ለኮሪያ ይህ የመጀመሪያዋ አልነበረም። በኦክቶበር 2022 ፓንግዮ ላይ የአንድ የግል ዳታ ሴንተር ባትሪ ተቃጥሎ፣ አገሬው ሁሉ የሚያወራበት ካካኦ ለቀናት ተናግቶ ነበር። ያን ጊዜ መንግሥት ካካኦን ‹ሁለተኛ ቦታ እንዴት አላዘጋጀህም?› ብሎ ገሠጸው፤ ከካካኦ ሁለት ሥራ አስኪያጆች አንዱ ሥልጣኑን ለቀቀ፤ ሕጉም ጠበቀ። ታዲያ የመንግሥት የራሱ ሁለተኛ ቦታስ? ጎንግጁ ላይ ሕንጻው ቆሞ ነበር፤ የዴጆን እሳት ሲነሣ ግን ገና ሥራ አልጀመረም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንለይ። በፋይል ማጋሪያ ሶፍትዌር ላይ ተጨማሪ ማከማቻ መክፈት ለባለሙያ ከባድ አይደለም፦ አድራሻውን መስጠት፣ ማን እንደሚጽፍበት መወሰን፣ በስንት ሰዓት እንደሚገለበጥ መቁረጥ። ብዙ ቢሮ ግን ሁለተኛ ዲስክ የሚጨምረው የመጀመሪያው ሲሞላ ነው። ያኔ ግማሹ ፋይል እዚህ፣ ግማሹ እዚያ ይሆናል። ቦታው ሁለት ሆነ እንጂ ቅጂው አሁንም አንድ ነው። ይህን የሚወስነው ደግሞ በጀት ፈራሚው ነው፤ ባለሙያው አይደለም።

ዩክሬን ሌላ መሰናክል ነበረባት፤ ሕግ። የመንግሥት መረጃ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክል ነበር። ፓርላማው መረጃው ወደ ክላውድ እንዲሄድ የፈቀደው በፌብሩዋሪ 17 ቀን 2022 ነው። ሩሲያ የገባችው በ24ኛው ቀን። በሰባት ቀን! ከዚያ በኋላ ሻንጣ የሚያካክሉ ማከማቻዎች በፖላንድ በኩል ገብተው፣ የመሬት መዝገብ፣ የግብርና የትምህርት መረጃ እየጫኑ ወጡ። የመንግሥት ዳታ ሴንተርም ከሩሲያ ሚሳኤል ዒላማዎች አንዱ ሆነ። ኢስቶኒያ በ2007 የሳይበር ጥቃት ስለቀመሰች ቀደም ብላ አስባለች፤ በ2017 ከሉክሰምበርግ ጋር ተፈራርማ የመዝገቦቿን ቅጂ እዚያ አስቀመጠች፤ እንደ ኤምባሲ የማይደፈር ክፍል ውስጥ።

እኛም ነገሩን የማናውቀው አይደለንም። በ1973፣ አብዮቱ ሊፈነዳ አንድ ዓመት ሲቀረው፣ የብራና መጻሕፍቶቻችንን በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ተጀመረ፤ አንድ ቅጂ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ይቀመጥ ነበር። በደርግ ዘመንም ቀጥሎ በሺህ የሚቆጠሩ መጻሕፍት ተነሥተዋል። ‹የኛ ቅርስ እንዴት ባሕር ማዶ ይቀመጣል› የሚል ቅሬታ ሊኖር ይችላል፤ ተገቢ ጥያቄም ነው። ብራናው ግን እዚሁ ነው፤ የሄደው ፊልሙ ነው።

ይህን ሳነብ ሰንብቼ፣ ባለፈው ሰሞን ለሌላ ጉዳይ የሄድኩበት አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የኮምፒውተር ባለሙያውን ጠየቅኩት። ወረቀት ትተው ሁሉን ነገር ወደ ጋራ ፎልደር ካስገቡ ቆይተዋል።

‹‹ሰርቨሩ ቢቃጠል ሁለተኛው ቅጂ የት ነው ያለው?››

‹‹አለ እንጂ፣ ወንድሜ›› አለኝ፣ በጣቱ ወደ ታች እያሳየ። ‹‹እዚሁ፣ ምድር ቤት።››