ሥነ ምህዳር ተስማሚ መንደር ምንድን ነው? ከአብርሃ ወአጽብሃ እስከ ጨፋ

ከሚሴ፦ ሥነ ምህዳር ተስማሚ መንደር የሚባለው ነዋሪዎቹ አፈርን፣ ውኃንና ደንን ሳያራቁቱ እየተጠቀሙ ለመኖር የተስማሙበት መንደር ነው። ይህን አኗኗር የሚከተሉ ማኅበረሰቦች እ.አ.አ. በ1995 ዓለም አቀፍ ኅብረት መሥርተዋል። ሴኔጋል ደግሞ እ.አ.አ. በ2008 መንደሮቿን በዚህ መንገድ ለማልማት የመንግሥት ተቋም አቋቁማለች። ስያሜው አዲስ ቢመስልም ሐሳቡ ለአካባቢያችን እንግዳ አይደለም፤ በደዋ ጨፋ ወረዳ በተራራ ላይ የምትገኘው ጥንታዊቷ የሾንኬ መንደር ቤቶቿ የተገነቡት በአካባቢው ድንጋይ ነው።

በሀገራችን ጎልቶ የሚጠቀሰው ምሳሌ በትግራይ ክልል በውቅሮ አቅራቢያ የሚገኘው የአብርሃ ወአጽብሃ ቀበሌ ነው። መሬቱ በመራቆቱና ድርቅ በመደጋገሙ ነዋሪዎቹን ወደ ሌላ ስፍራ የማስፈር ሐሳብ ቀርቦ ነበር። እነርሱ ግን በቀያቸው መቅረትን መረጡ። ተራሮቹን ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ አደረጉ፤ እርከን ሠሩ፤ በቦረቦሮች ላይ ክትር ገነቡ። በጎርፍ ይሄድ የነበረው ውኃ ወደ መሬት በመስረጉ የከርሰ ምድር ውኃው ወደ ላይ ቀረበ፤ አርሶ አደሮችም በእጅ በተቆፈሩ ጉድጓዶች በበጋ አትክልትና ፍራፍሬ ማልማት ቻሉ። ቀበሌው በ2004 ዓ.ም የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የሚያስተባብረውን የኢኳተር ሽልማት አግኝቷል።

እርከን በብዙ ቀበሌዎች ይሠራል፤ ከብት ከገባበት ግን ብዙም ሳይቆይ ይፈርሳል። ሥራውን የሚያጸናው ማኅበረሰቡ ራሱ የሚያወጣው ደንብ ነው። የተከለለው ተፋሰስ ሣር መቼ እንደሚታጨድ፣ ለማን እንደሚከፋፈል፣ ከብቱን የለቀቀ ሰው ምን ያህል እንደሚቀጣ አስቀድሞ መወሰን አለበት።

ለኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ይህ ጉዳይ ከቦርከና ወንዝና ከጨፋ ረግረግ ጋር የተያያዘ ነው። ቦርከና ከደሴ አካባቢ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ጨፋ ሜዳ ይወርዳል፤ መዳረሻውም አዋሽ ነው። ረግረጉ ውኃን ይዞ ቀስ በቀስ ስለሚለቅ በበጋም ሣር አያጣም። በመሆኑም የዞኑ ነዋሪዎች ብቻ ሳይሆኑ የአፋር አርብቶ አደሮችም በድርቅ ወቅት ከብቶቻቸውን ወደዚያ ይነዳሉ። ረግረጉ ተጠንፍፎ ሲታረስ አንዱ ማሳ ያገኛል፤ ብዙዎች ግን የበጋ ግጦሻቸውን ያጣሉ፤ ይህም ለግጭት መነሻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የደጋው አራሽ፣ የሜዳው ገበሬና አርብቶ አደሩ በአንድ ደንብ መተዳደር ይኖርባቸዋል። የከተማ ነዋሪውም ቆሻሻን ወደ ወንዙና ወደ ገባሮቹ ከመጣል መቆጠብ ይጠበቅበታል።

በቤተሰብ ደረጃ ደግሞ አራት ገደማ ከብት ያለው አባወራ ወይም እማወራ እበትን ከእኩል መጠን ውኃ ጋር ቀላቅሎ ባዮጋዝ ማምረት ይችላል። ጋዙ ለማብሰያ የሚቆረጠውን እንጨት ይቀንሳል፤ ተረፈ ምርቱም ለማሳ ማዳበሪያ ይሆናል።

ጅምሩ ሰፊ ገንዘብ አይጠይቅም። አንድ አነስተኛ ተፋሰስ መምረጥ፣ በሽማግሌዎች ፊት ደንብ ማጽደቅ፣ የመጀመሪያውን የሣርና የማር ጥቅም መሬት ለሌላቸው ወጣቶች መስጠት በቂ መነሻ ነው። ከክልከላው ጥቅም ያገኘ ወጣት የተከለለው መሬት ጠባቂ ይሆናል።