ንጉሥ ካሌብና የጾማዕቱ ምክር

ሰው ታላቅ ነገር ለመቍረጥ ሲነሣ በልቡ ብዙ ያወጣል፤ ብዙም ያወርዳል። አባቶች ይህን ማውጣትና ማውረድ በጸሎት ፊት ማድረግን ልማድ አድርገውታል፤ ስሙ ከሰባት የወጣው ሱባኤም ይኸው ነው። ሱባኤ የሚገባ ሰው ምክርን የሚንቅ አይደለም፤ ፍርሃቱና ምኞቱ ጸጥ እስኪሉ የሚታገሥ ነው እንጂ። ለዚህም የአክሱም ንጉሥ የዐፄ ካሌብ ታሪክ መልካም ምስክር ነው።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ523 ዓ.ም. የሂምያር ንጉሥ ዙ ኑዋስ፥ በግእዝ መጻሕፍት ፊንሐስ የሚባለው፥ የናግራንን ክርስቲያኖች በሰይፍና በእሳት አጠፋ። አለቃቸው ቅዱስ ኂሩትም ከእነርሱ ጋራ ሞተ። ወሬው በተሰማ ጊዜ በቍስጥንጥንያ የነበረው የሮም ንጉሥ ዮስጢኖስ ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ለጢሞቴዎስ፥ ጢሞቴዎስም ለካሌብ እንደ ጻፈ ይነገራል።

ነገሩ ግን ቀላል አልነበረም። በቀይ ባሕር የሚመላለሰው የዕጣንና የቅመም ንግድ ለአክሱምም ለሮምም ትልቅ ጥቅም ነበረ፤ ስለዚህ የሰማዕታትን ደም መበቀልና የገበያን ትርፍ መፈለግ በአንድ መርከብ የሚሳፈሩ ነበሩ። ንጉሡም ከሁለቱ የትኛው እንደሚያንቀሳቅሰው ልቡን መመርመር ያስፈልገው ነበር።

የኂሩት ገድል እንደሚተርከው ካሌብ ልብሰ መንግሥቱን አውልቆ ከቤተ ክርስቲያን ገብቶ ጸለየ፤ ከዚያም ወደ አንድ ባሕታዊ ሄደ። የኢትዮጵያ ትውፊት ይህ ባሕታዊ ከተስዓቱ ቅዱሳን አንዱ፥ በአክሱም አጠገብ ባለው ኮረብታ በጠባብ ጾማዕት 45 ዓመት የቆመው አባ ጰንጠሌዎን ነው ይላል፤ እርሱም ንጉሡን ባርኮ ሰደደው። ይሁን እንጂ ካሌብ የጸለየው መሰናዶውን ትቶ አይደለም። ነጋዴው ኮስማስ ንጉሡ ወደ ሂምያር ለመዝመት በተሰናዳበት ወራት በአዱሊስ ወደብ እንደ ነበረ ጽፏል።

በ525 ዓ.ም. ገደማ ካሌብ ባሕሩን ተሻግሮ ድል አደረገ፤ ሱምያፋ የሚባል ክርስቲያንም በዚያ አገር አነገሠ። ከጥቂት ዘመን በኋላ ግን በየመን የቀረው ሠራዊት ዐመፀና አብርሃን አነገሠ። የታሪክ ጸሓፊው ፕሮኮጲዮስ እንደሚለው ካሌብ ሁለት ጊዜ ጦር ሰደደ፤ 3,000 የነበረው ፊተኛው ጦር ከድቶ ከአብርሃ ጋራ ተደባለቀ፥ ሁለተኛውም ተሸነፈ። ሦስተኛ ጦር አልሰደደም።

በጸሎት የተጀመረ ነገር ሁሉ እስከ ፍጻሜው ይሰምራል የሚል ሰው እዚህ ላይ ይሰናከላል። ጸሎት ለፊት እርምጃ የሚሆን ብርሃን ነው እንጂ ለሚመጣው ዘመን ሁሉ የተጻፈ ውል አይደለም። መጀመር ማስተዋልን እንደሚፈልግ ሁሉ፥ መተውም ማስተዋልን ይፈልጋል፤ ምናልባትም አብልጦ።

ካሌብም በመጨረሻ ያደረገው መተውን ነው። ፕሮኮጲዮስ ይህን ባያነሣውም፥ ገድሉ ዘውዱን ወደ ኢየሩሳሌም ሰድዶ መነኰሰ ይላል፤ የኢትዮጵያ ትውፊትም መንግሥቱን ለልጁ ለገብረ መስቀል ትቶ ወደ አባ ጰንጠሌዎን ገዳም ገባ ሲል ይጨምራል። ቀድሞ ምክር ሊጠይቅ በመጣበት ስፍራ ሊኖርበት ተመለሰ። መታሰቢያውም ግንቦት 20 ቀን ይከበራል።

ዛሬ በአዲስ አበባ ምሥራቅ፥ በቦሌና በየካ፥ የሚኖር ሰው የሚቈርጠው ነገር የመንግሥት ነገር አይደለም፤ ትዳር መያዝ ነው፥ የአባትን ቤት መሸጥ ነው፥ ከቦሌ ተነሥቶ ባሕር ማዶ መሄድ ነው። ጥያቄው ግን ያው የካሌብ ጥያቄ ነው፤ የሚያንቀሳቅሰው እውነት ነውን ወይስ ትርፍ? ልቡ አስቀድሞ የቈረጠውን እንዲያጸድቁለት ብቻ ሱባኤ የገባ፥ ሰባት ቀን ጾሞ የራሱን ድምፅ ሰምቶ ይመለሳል። እንደ ካሌብ ክብሩን በደጅ አውልቆ የገባ ግን፥ ሂድ ቢባል ይሄዳል፤ ተው ቢባልም ይተዋል።