ባለመብትም በፍርድ ይግባ
ስለ «ዳግም መግባት» የሕግ ታሪክ

አንድ ሰው ቤቱን አከራይቶ ተከራዩ ኪራዩን ሳይከፍል ቢቀር፣ ባለቤቱ ቁልፉን ለውጦ ወይም በሩን ሰብሮ ወደ ገዛ ቤቱ ሊገባ ይችላልን? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ «ቤቱ የራሱ ከሆነ ማን ይከለክለዋል?» የሚል መልስም ፈጥኖ ወደ አፍ ይመጣል። የእንግሊዝ አገር ሕግ ግን በዚህ ጥያቄ ላይ ከስምንት መቶ ዓመት በላይ ደክሞበታል። የዛሬው ንግግራችን ስለዚሁ ሲሆን፣ በዚያ አገር «ዳግም መግባት» የሚባለው መብት ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ ያስረዳል።

አስቀድሞ ቃላቱን መለየት ያስፈልጋል። ባለሀብትነት ማለት ነገሩ በሕግ የማን እንደ ሆነ የሚወስን መብት ነው። ይዞታ ማለት ደግሞ ነገሩን በእጅ አድርጎ ማዘዝ ነው። ተከራይ ባለሀብት አይደለም፤ ሆኖም የውሉ ዘመን እስኪፈጸም ድረስ ቤቱ በእጁ ነው። ዳግም መግባት የሚባለውም፣ ይዞታውን በውል ለሌላ የለቀቀ ሰው፣ ተከራዩ የውሉን ግዴታ ባፈረሰ ጊዜ ገብቶ ይዞታውን መልሶ የሚረከብበት መብት ነው። በዚህም ምክንያት ኪራዩ ዘመኑ ሳይደርስ ሲቋረጥ «የኪራይ መሻር» ይባላል።

በጥንቱ ዘመን ከመሬቱ የተነቀለ እንግሊዛዊ ዘመዶቹንና አሽከሮቹን አስከትሎ በኃይል መመለስን እንደ መብት ይቆጥረው ነበር። የነቀለው ሰው ደግሞ በበኩሉ መሬቱ የእኔ ነው ስለሚል፣ ክርክሩ ሁሉ በዱላና በሰይፍ የሚያልቅ ሆነ። ከ1154 እስከ 1189 (እንደ አውሮጳ አቆጣጠር) የነገሠው ዳግማዊ ሄንሪ ለዚህ መፍትሔ የሚሆን አዲስ የክስ ሥርዓት አቆመ። የተነቀለው ሰው ለንጉሡ ዳኞች ሲያመለክት 12 የአካባቢው ሰዎች ተጠርተው፣ ከሳሹ ያለ አግባብና ያለ ፍርድ ከይዞታው ተነቅሎ እንደ ሆነ ብቻ ይጠየቁ ነበር። እውነተኛው ባለሀብት ማን ነው የሚለው ነገር ለሌላ ክርክር ይቆያል። ልብ በሉ! በዚህ ሥርዓት ባለመብት የሆነ ሰው እንኳ ያለ ፍርድ ቢነቅል ሊረታ ይችል ነበር።

ይህ ማለት ግን የራስ እጅ ፈጽሞ ታሰረ ማለት አይደለም። በ13ኛው መቶ ዓመት የተጻፈው ብራክተን የሚባለው የሕግ መጽሐፍ እንደሚያስረዳው፣ በድንገት የተነቀለ ሰው በ4 ቀን ውስጥ ራሱ ሊመለስ ይፈቀድለት ነበር፤ ያ ጊዜ ካለፈ ግን ወደ ዳኛ መሄድ አለበት። በ1381፣ ታላቁ የገበሬዎች አመፅ በተነሣበት ዓመት፣ የወጣው ሕግ ደግሞ ማንም ሰው የመግባት መብት ቢኖረውም እንኳ ብዙ ሰው አስከትሎና ጉልበት ተጠቅሞ እንዳይገባ፣ በሰላም ብቻ እንዲገባ አዘዘ።

በአከራይና በተከራይ መካከልም ሕጉ አከራዩን በብዙ ሥርዓት አጠረው። በቀድሞው ልማድ፣ ውሉ ከዚህ ግዴታ ነጻ ካላደረገው በቀር፣ ስለ ኪራይ አለመከፈል ዳግም ለመግባት የሚሻ አከራይ በመክፈያው የመጨረሻ ቀን፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ በዚያው በተከራየው ስፍራ ተገኝቶ፣ ሳያበዛና ሳያሳንስ ትክክለኛውን ዕዳ መጠየቅ ነበረበት። እንዲሁም አከራዩ የተከራዩን ጥፋት እያወቀ ከዚያ በኋላ የደረሰውን ኪራይ ከተቀበለ፣ በዚያ ጥፋት ምክንያት ሊገባ አይችልም፤ መብቱን እንደ ተወ ይቆጠራልና።

በ1925 የወጣው የንብረት ሕግ ከኪራይ አለመከፈል ሌላ ለሆነው ጥፋት፣ አከራዩ አስቀድሞ ጥፋቱን የሚገልጽ ማስታወቂያ በጽሑፍ እንዲሰጥና ተከራዩ ጥፋቱን የሚያርምበት በቂ ጊዜ እንዲያገኝ ያዛል። ፍርድ ቤትም ነገሩን መርምሮ ተከራዩን ከመነቀል ሊያድነው ይችላል። በ1977 የወጡት ሕጎች ደግሞ ሰው በሚኖርበት ቤት ያለ ፍርድ ዳግም መግባትን ከልክለው፣ ያንን የ1381 ሕግ በአዲስ ድንጋጌ ተኩ። ሰው በማይኖርበት ሱቅና ቢሮ ግን በሰላም ዳግም መግባት እስከ ዛሬ አልተሻረም።

ይህ ሁሉ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» ሲሉ የተናገሩት ይህንኑ ነው። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግም ነገሩን በሁለት አንቀጾች ወስኖታል። በአንቀጽ 1148 መሠረት ባለይዞታ ይዞታውን የሚነጥቀውን ሰው በኃይል ሊከላከል፣ የተነጠቀውንም ወዲያውኑ ሊያስመልስ ይችላል፤ ነገር ግን ኃይሉ ከሁኔታው ማለፍ የለበትም። ያ ጊዜ ካለፈ በአንቀጽ 1149 መሠረት በ2 ዓመት ውስጥ ለዳኛ ማመልከት አለበት። ይህም በፍርድ ቤቶቻችን «ሁከት ይወገድልኝ» የሚባለው ክስ ነው። በ1967 ዓ.ም. የመሬት ባለሀብትነት ሥሪት ከሥሩ ሲለወጥ እንኳ ይህ የይዞታ ክስ አልቀረም።

እንግዲህ የዚህ ሁሉ ታሪክ ፍሬ ነገር ምንድን ነው? መብት መኖሩ አንድ ነገር፣ መብትን በገዛ እጅ መፈጸም ሌላ ነገር መሆኑ ነው። እያንዳንዱ ሰው በገዛ ነገሩ ዳኛ ቢሆን፣ ጉልበተኛ ሁሉ ባለመብት ነኝ ማለቱ አይቀርም፤ ድኻው እውነተኛ መብት እያለው ደጅ ያድራል። ስለዚህ አንባቢ ሆይ! አከራይ ብትሆን ቁልፍ ከመለወጥህ በፊት ውልህንና ሕጉን ተመልከት፤ ተከራይም ብትሆን ከመፈረምህ በፊት ውሉ በምን በምን ምክንያት እንደሚፈርስ ጠይቀህ ተረዳ። በመንገድ የሚጣሉ ሰዎችን «በሕግ አምላክ!» ብሎ የሚያቆም ሕዝብ፣ በገዛ ደጃፉም ቢሆን ይህንኑ ቃል ሊያከብር ይገባዋል።