ባለሙያ ማን ናት?



ባለፈው የቁጠባ ስብሰባችን ላይ አንዲት ሸክላ ሠሪ እህታችን መዋጮዋን ከፍላ ጥግ ይዛ ተቀመጠች። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው እስኪደርስ አንድም ቃል አልወጣትም። በኋላ ጠይቀን ሰማን። ለልጇ ሽማግሌ ተልኮ ነበር። ልጁና ልጅቷ ይዋደዳሉ፤ ልጅቷም የሂሳብ ሠራተኛ ናት። ሽማግሌዎቹ ግን «እናቷ በምን ሥራ ነው የሚተዳደሩት?» ብለው ጠየቁ፣ መልሱን ሰሙ፣ «እንመለሳለን» ብለው ሄዱ፤ አልተመለሱም።

ሁላችንም ተናደድን። ከዚያ ግን አንዷ «ይህ ነገር ከየት መጣ?» አለች። የሰማነውን፣ ያነበብነውንና ከአያቶቻችን የቀረልንን አሰባስበን ይህን ጻፍን።

ከቃሉ እንጀምር። «ሙያ» ስንል መተዳደሪያ ሥራን ማለታችን ነው። «ባለሙያ ሴት» ሲባል ግን ወጧ የጣመ፣ እንጀራዋ ዓይን ያወጣ፣ ጠላዋ የተጣራ፣ ፈትሏ የቀጠነ ማለት ነው። በአያቶቻችን ዘመን ሴት ልጅ የምትታጨው በዘሯ፣ በመልኳና በዚህ ሙያዋ ነበር። «ቀጭን ፈታይ» መባል የእመቤት ማዕረግ ነበር፤ የመኳንንት ሚስቶችም እንዝርት ይዘው ይውሉ ነበር።

አሁን ክሩን እንከተለው። እመቤቲቱ የፈተለችው ክር ወደ ሸማኔው ይሄዳል። ፈታይዋ የተመሰገነችበት ያው ክር ሸማኔው እጅ ሲገባ ስድብ ይሆናል። ሸማኔውን የአገሬው ሰው ሸማ ያሠራዋል እንጂ ልጁን አይድርለትም። ሸክላ ሠሪዋም እንዲሁ ናት፤ በእሷ ምጣድ የጋገረችው ሴት ባለሙያ ትባላለች፣ ምጣዱን የሠራችው ግን ከጋብቻ ትገለላለች። ለቤት የተሠራ ሥራ ሲያስከብር ለገበያ የተሠራው ያስንቅ ነበር።

ምክንያቱ ምን ነበር? እኛ እንደተረዳነው አንዱ ትልቅ ምክንያት መሬት ነው። በሰሜኑ ደጋ አገር ጋብቻ ርስት ያላቸው ሁለት ቤቶች የሚገናኙበት ውል ነበር። የዘር ሐረግ እስከ ሰባት ቤት የሚቆጠረው ዝምድናን ለመለየት ቢሆንም፣ ያው ቆጠራ ማን ባለርስት እንደሆነ፣ ማንስ የባለእጅ ዘር እንደሆነም ያወጣ ነበር። ባለእጆች አብዛኛውን ጊዜ ርስት አልነበራቸውም። ከቤተ እስራኤል ታሪክ ይህ በግልጽ ይታያል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ይስሐቅ ዘመን፣ ርስታቸውን እንዳጡ ይነገራል። ከዚያ ወዲህ ወንዶቹ በአንጥረኝነትና በግንበኝነት፣ ሴቶቹ በሸክላ ሥራ ታወቁ። ጎንደር አጠገብ ያለችው ወለቃ በሸክላቸው ስሟ የወጣ መንደር ናት። እርግጥ ነው፣ እነሱም በሃይማኖታቸው ከውጭ አይጋቡም ነበር። ነገር ግን ገበሬው ማረሻውን ከእነሱ እየገዛ «ቡዳ ናቸው» ብሎ ሲሸሻቸው ከሃይማኖት ያለፈ ነገር ነበረበት። በደቡብም በወላይታ፣ በዳውሮና በጉራጌ ሸክላ የሚሠሩ፣ ቆዳ የሚፍቁ፣ እንጨት የሚጠርቡ ቤተሰቦች ከሌላው ጋር በጋብቻም በማዕድም እንዳይገናኙ ተደርገው ኖረዋል።

ይህን ጉዳት ነገሥታቱም አላጡትም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውንና ሌላውንም ሠራተኛ በሥራው መስደብን ከለከሉ፤ የሚሳደበውም እንደሚቀጣ አስታወቁ። ሠራተኛ እየተሰደበ ከቀጠለ ማረሻ የሚሠራ እንኳ እንደሚጠፋ ነው ያስጠነቀቁት። አዋጁ አፍን ሊያዘጋ ሞከረ፤ ልጁን የሚድረውን አባት ልብ ግን በአንድ ቀን አልቀየረም።

ልብን ቀስ በቀስ የቀየረው ትምህርትና ደመወዝ ነው። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደት ዘመን እንግሊዝ አገር ነርስነት ተምረው ተመረቁ። የንጉሥ ልጅ የሰው ቁስል ስታጥብ ማየት ለዚያ ዘመን ሰው ቀላል ነገር አልነበረም። በ1934 ዓ.ም. በወጣትነታቸው ካረፉ በኋላ በስማቸው ሆስፒታል ተሠራ፤ ዛሬ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል የምንለው ነው። እናቶቻችን እንደሚያጫውቱን፣ መጀመሪያ «ሌሊት ከቤት ውጭ የምታድር ሴት» ተብላ የታማችው ነርስ፣ ቆይቶ ሽማግሌ የሚሽቀዳደምባት ሙሽራ ሆነች። ከወንዱም በኩል ርስት የሌለው መምህር፣ ወታደርና ሹፌር ወር ጠብቆ በሚከፈለው ደመወዝ ተፈላጊ ባል ሆነ። ሥራው ያው ሥራ ሆኖ ሳለ፣ ገቢውና ስሙ ሲለወጥ የሰው ዓይንም ተለወጠ።

ከዚያ የየካቲት 25 ቀን 1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ መጣ፤ ርስት ይሉት ነገር ቀረ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግ ደግሞ ጋብቻን በሁለቱ ተጋቢዎች ነፃ ፈቃድ ላይ አቆመው፤ ለሴትም ለወንድም 18 ዓመትን ወሰነ። የእናት ሥራ ሕጉ ከሚጠይቃቸው ነገሮች ውስጥ የለም። እንግዲህ ንቀቱን የወለደው ርስት ከቀረ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል፤ ንቀቱ ግን ባለቤት እንደሌለው ውሻ ዛሬም ከደጅ ደጅ ይዞራል።

ሽማግሌዎቹ ልጃቸውን የዳሩ ቀን ምን እንደሚሆን እናውቃለን። ሙሽራዋ ሸማኔ የሠራውን ጥበብ ትለብሳለች። እንጀራው በሸክላ ምጣድ ይጋገራል፣ ዶሮው በሸክላ ድስት ይሠራል፣ ቡናው በሸክላ ጀበና ይፈላል። ያራቋቸው ሰዎች ሁሉ በእጃቸው ሥራ ሠርጉ ላይ ይገኛሉ።

እህታችን ይህን ሁሉ ስንጫወት ሰምታ «እኔስ ይሁን፣ ልጄ በእኔ እንዳታፍር ብቻ ነው የፈራሁት» አለች። ልጅቷን ጠራናትና ጠየቅናት። «ያስተማረኝ ጭቃው ነው፤ ከእንግዲህ ሳይጠይቁኝ በፊት እነግራቸዋለሁ» አለችን። ልጁ አሁንም ይደውልላታል፤ ቤተሰቡን ይዞ ይመጣ እንደሆነ የእሱ ፋንታ ነው።

እኛም በስብሰባው ሁለት ነገር ወሰንን። ከእንግዲህ ከአባሎቻችን ቤት ሽማግሌ ሲመጣ ቡናው በእህቶቻችን ጀበና ይቀርባል፤ የሠራችውም በስሟ ትነገራለች፤ ከቻለችም ራሷ ተገኝታ ትቀዳለች። ደጋፊዎቻችንን ደግሞ አንድ ነገር እንለምናለን፦ ዕቃችንን ስትገዙና ለሰው ስታሳዩ፣ በሠሪዋ ፈቃድ ስሟን ከዕቃው ጋር ጻፉልን። ገቢው ጠቅሞናል፤ ስሙ ደግሞ ለልጆቻችን ይተርፋል።

ቸር ይግጠመን።