የኮርማ ሳምባና የአምባዛ ጢም

ለመሆኑ በሬ ዓሣ ያጠምዳል ወይ? ጥያቄው ቀልድ ይመስላል። ሆኖም ከ1,800 ዓመታት በፊት በሮም ይኖር የነበረው ኤልያን ስለ እንስሳት ጠባይ በግሪክኛ በጻፈው መጽሐፍ የዳኑብ ወንዝ አጥማጆችን እንዲህ ያሳየናል። ሰውየው ጥንድ በሬዎቹን፣ ፈረስ ካለውም ፈረሶቹን፣ ወደ ወንዙ ዳር ይነዳል፤ ለእርሻ ግን አይደለም። ከቀንበሩ መካከል ጠንካራ ገመድ ያስራል። በገመዱ ጫፍ ላይ ስለቱ የሚያስፈራ መንጠቆ አለ፤ በመንጠቆው ላይ የዱር ኮርማ ሳምባ ይሰካበታል፤ ከመንጠቆው አጠገብም እርሳስ ይታሰራል። ከዚያ ለከብቶቹ ገፈራ ሰጥቶ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ዓሣው ሳምባውን ዋጥ ሲያደርግ ሰውየው ብድግ ይላል፤ አጥማጅነቱ ቀርቶ አራሽ ይሆናል። በሬዎቹ ወደ የብስ፣ ዓሣው ወደ ጥልቁ ይጓተታሉ።

ይህ ዓሣ የእኛው አምባዛ የሩቅ ዘመድ ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. በኢጣሊያ ከፖ ወንዝ የወጣው አንዱ 285 ሴንቲ ሜትር ይረዝም ነበር። እንግዲህ ኤልያን ቢያጋንንም እጅግ አላጋነነም። ከእርሱ በፊት የነበረው ሮማዊው ፕሊኒም በጀርመን ምድር በማይን ወንዝ ይኸው ዓሣ በበሬ ተስቦ እንደሚወጣ ጽፏል። እኔን ከሁሉ ይበልጥ የማረከችኝ ግን ያቺ እርሳስ ናት። ሳምባ በውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ሥጋ ነው፤ ክብደት ካልታሰረበት ወደ ታች አይወርድም። ይህን የነገረው ሰው ነገሩን በዓይኑ ያየ ይመስለኛል።

ስለምን ሳምባ ተመረጠ? አምባዛና ዘመዶቹ በአብዛኛው የሚያድኑት በሌሊትና በደፈረሰ ውሃ ነው። በዚያ ጨለማ ዓይን ብዙ አይጠቅምም። ጣዕም የሚለዩ ሕዋሳት በአፋቸው ብቻ ሳይሆን በጢማቸውና በቆዳቸው ላይ ሁሉ ተበትነዋል፤ አምባዛን የሚዋኝ ምላስ ብንለው አናጠፋም። ስለዚህ ማባበያ መምረጥ ማለት ሽታ መምረጥ ነው። ደም የቋጠረ ሳምባ፣ ጉበት፣ የትል ጉንጉን፣ እንቁራሪት፤ ሁሉም የሚፈለጉት ለዚሁ ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለ ሩሲያ ዓሦች የጻፈው ሳባኔዬቭ ላባዋ በእሳት የተለበለበች ድንቢጥ ለዚህ ዓሣ ማባበያ እንደምትሆን ይነግረናል። እሳቱ ለማብሰል ሳይሆን ለሽታው ነው።

ድምፅም ማባበያ ነው። የዳኑብ አጥማጆች በታንኳ ሆነው ውሃውን በጎባጣ እንጨት እየመቱ ዓሣውን ከጥልቁ ይጠሩታል። ሄሮዶቱስም በአባይ ወንዝ አዞ ሲጠመድ የአሳማ ሥጋ በመንጠቆ እንደሚሰካና በዳር ደግሞ ሕያው ግልገል አሳማ እየተመታ እንዲጮህ እንደሚደረግ ጽፎልናል። ጭካኔው እንዳለ ሆኖ ብልሃቱ ያው ነው።

በእኛስ አገር? አምባዛ በጣናም በወንዞቻችንም ሞልቷል፤ ነገር ግን ኦሪት ክንፍና ቅርፊት ያለውን ብቻ ስለፈቀደች፣ ቅርፊት የሌለውን ይህን ዓሣ ብዙ ክርስቲያን አይነካውም። በደንገል ታንኳ ሐይቁን ቤቱ ያደረገው ነገደ ወይጦ ደግሞ ጉማሬ በላ ተብሎ ተናቀ። አጥማጁም ዓሣውም አብረው ተጠየፉ፤ ይህ በእኔ አስተያየት ከታሪካችን ፍርደ ገምድል ነገሮች አንዱ ነው። ከሐይቁ ወጣ ብሎ ባሉ ወንዞች ደግሞ የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ውሃው ውስጥ ይበተንና ዓሣው ደንዝዞ ይንሳፈፋል። ብርብራ ማባበያ አይደለም፤ ትልቁን ከጫጩቱ አይለይም።

በ1986 እ.ኤ.አ. በሞተር ጀልባ የሚጣል የናይለን መረብ ወደ ጣና ገባ። መረብ ማባበያ አይሻም፤ ዓሣው የሚያልፍበትን ቦታ ማወቅ ይበቃዋል። ክረምት ሲገባ ባርበስ የሚባሉት የጣና ዓሦች ለመራባት እንደ ጉማራ ባሉት ወንዞች አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። መረቡም እዚያው ጠበቃቸው፤ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ውስጥ ቁጥራቸው በእጅጉ አሽቆለቆለ።