የቤት ቁጥር የሌለው ሕመምተኛ፦ የመጠለያና የማኅበራዊ ድጋፍ ጥረቶች ታሪክ በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች

በሳንባ ነቀርሳ ሕክምና መዝገብ ላይ ከሕመምተኛው ስም ጋር አድራሻው ይሞላል፤ ወረዳ፣ ቀበሌ፣ የቤት ቁጥር። ሕመምተኛው በአዳማ መናኸሪያ አካባቢ በረንዳ ላይ የሚያድር ከሆነ ግን የመጨረሻው ቦታ ባዶ ይቀራል። መድኃኒቱን ባቋረጠ ዕለት ፈልጎ የሚያገኘው የለም። ይህ ባዶ ቦታ የመዝጋቢው ቸልተኝነት ውጤት አይደለም። መንግሥት መጠለያ የሌላቸውን ዜጎች ለመርዳት ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ያደረገው ጥረት ታሪክ በአብዛኛው የዚሁ የቤት ቁጥር ታሪክ ነው።

አዳማን (ናዝሬትን) ከተማ ያደረጋት በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የባቡር ሐዲድ ነው። በኋላም የወንጂ ስኳር ፋብሪካና ወደ ወደብ የሚወስደው አውራ ጎዳና ከየአቅጣጫው የቀን ሠራተኛን ሳቡ። ሥራው ሲገኝ ማደሪያው አልተገኘም። የቆላው ሙቀት ደጅ ማደርን ከአዲስ አበባ ብርድ ይልቅ የሚቻል ስላደረገው ችግሩ እንደ ችግር ሳይታይ ኖረ። ከጠላት ወረራ በኋላ የሜኖናይት ሚሲዮናውያን በአንድ የጥጥ መዳመጫ ሕንፃ ውስጥ የከፈቱት የኃይለ ማርያም ማሞ መታሰቢያ ሆስፒታል (የዛሬው የአዳማ ሆስፒታል ሕክምና ኮሌጅ) ደሀውንም መንገደኛውንም ሲቀበል፣ የመንግሥት ሕግ የተመለከተው ግን ሌላ ነገር ነበር። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ቦዘኔነትን በጥፋተኝነት የሚያስቀጣ ድርጊት አድርጎ ደነገገው። ለሥጋ ደዌ ሕሙማን በሻሸመኔ ሕክምና ቢቋቋምም፣ ብዙዎቹ ከዳኑ በኋላ ወደ ትውልድ መንደራቸው መመለስ ስላልቻሉ በሆስፒታሉ ዙሪያ ሰፍረው ቀሩ። ሕክምናው አብቅቶ የመጠለያው ጥያቄ እንደቀጠለ ከሚያሳዩት ቀደምት ምሳሌዎች አንዱ ይህ ነው።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ደሀን ኑሮ በአንድ ጊዜ የለወጠ ሕግ ነበር። አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ከለከለ፤ የአነስተኛ ቤቶችን ኪራይ ቀነሰ፤ ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑትንም ቤቶች ለቀበሌ ማኅበራት አስረከበ። ለብዙ ሺህ ተከራዮች ከባለቤቱ ቁጣና ከድንገተኛ መባረር መገላገል ማለት ነበርና የአዋጁ በጎ ገጽታ ሊካድ አይገባም። ሆኖም የቀበሌ ቤት የደረሰው በአመዛኙ ቀድሞውኑ ጣሪያ ሥር ለነበረው ሰው ነው። በበረንዳ ያደረው በበረንዳ ቀረ። ከዚያ በላይ ደግሞ ቀበሌው መታወቂያ ሰጪ፣ የሕብረት ሱቅ ራሽን አዳይና የነፃ ሕክምና ደብዳቤ ጸሐፊ ሆነ። የቤት ቁጥር የሌለው ሰው መታወቂያ የለውም፤ መታወቂያ የሌለው ደግሞ ደሀ መሆኑን የሚያረጋግጥለት አያገኝም። ከሁሉ ይበልጥ የደኸየው የድህነት ማስረጃ ያጣ ማለት ነው።

የጤናው ዘርፍም ከዚህ አካሄድ ውጪ አልነበረም። በ1951 ዓ.ም. የተቋቋመው የወባ ማጥፊያ አገልግሎት ዋነኛ መሣሪያው በቤት ግድግዳ ላይ የሚረጭ ዲዲቲ ሲሆን ናዝሬትም የባለሙያዎቹ ማሠልጠኛ ነበረች። ረጪው ቤቶችን እየቆጠረ ያልፋል፤ ግድግዳ የሌለው ሰው ግን አይቆጠርም። ከ1997 ዓ.ም. በኋላ በስፋት የታደለው አጎበርም ለአንድ ቤተሰብ ሁለት እየተባለ ነበር። ወባ በሚበረታባቸው በመተሐራ፣ በወንጂና በባቱ (ዝዋይ) ደጅ የሚያድረው ሰው ለትንኝ ይበልጥ የተጋለጠ ሆኖ ሳለ ከሁለቱም መከላከያዎች ውጪ ሆነ። የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን በ2002 ዓ.ም. ሲጀመርም ባለሙያዋ የምትዞረው ከቤት ወደ ቤት ነበር።

ደርግ ከቀበሌው ጎን ለጎን ሌላ መንገድም ሞክሯል፤ አምባ መሥራት። በጦርነት ወላጆቻቸውን ላጡ ልጆች በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአላጌ የተከፈተው የሕፃናት አምባ፣ አካላቸው ለጎደለ ወታደሮች በደብረ ዘይት (ቢሾፍቱ) የተቋቋመው የጀግኖች አምባ የዚህ ውጤቶች ናቸው። መኝታ፣ ምግብ፣ ትምህርትና ሕክምና በአንድ ግቢ ተሟልቶ ሲቀርብ ምን ሊገኝ እንደሚችል የአላጌ ልጆች አሳይተዋል። አምባ የሚገባው ግን መንግሥት የመረጠው ሰው ነበር፤ መንግሥቱ ሲወድቅም አምባው አብሮ ተናጋ። በ1983 ዓ.ም. በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ የቀድሞ ሠራዊት አባላት ያለ ደመወዝና ያለ ማደሪያ ሲበተኑ በተጨናነቁት ጊዜያዊ ካምፖች ውስጥ በቅማል የሚተላለፈው ግርሻ ተቀሰቀሰ። በዚያን ጊዜ የሠሩ ሐኪሞች ቴትራሳይክሊን ብቻውን እንደማይበቃ፣ ልብስ መቀቀልና ገላ መታጠቢያ ውኃ የሕክምናው አካል መሆናቸውን በሥራቸው አይተዋል።

ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመን ሁለት ተቃራኒ ነገሮችን በአንድ ላይ ይዞ መጣ። በ1989 ዓ.ም. የማኅበራዊ ደኅንነት ልማታዊ ፖሊሲ ወጣ። በ1996 ዓ.ም. ግን አደገኛ ቦዘኔነትን ለመቆጣጠር አዋጅ ቁጥር 384 ታወጀ፤ በዚያው ዓመት ገደማ በአዲስ አበባ ገርጂ የኮንዶሚኒየም ሙከራ ግንባታ ተጀመረ። መርሐ ግብሩ ብዙም ሳይቆይ አዳማን ጨምሮ ወደ ክልል ከተሞች ተዳረሰ። ከቤቶቹ 30 በመቶው ለሴቶች እንዲሆን መደረጉ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ዕጣ ለመግባት መታወቂያ፣ ዕጣው ሲወጣም ቅድመ ክፍያ ያስፈልግ ስለነበር፣ ተጠቃሚው በአብዛኛው ገቢ ያለው ተከራይ ሆነ። በክልሎች የነበረው ግንባታም በ2002 ዓ.ም. ገደማ ተቋረጠ።

እውነተኛው ለውጥ የመጣው ከቤት ግንባታ በኩል አልነበረም። በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች የጀመረው የከተማ ምግብ ዋስትና ሴፍቲኔት ከኦሮሚያ የመረጠው አዳማን ነው። የዓለም ባንክ 300 ሚሊዮን፣ መንግሥት ደግሞ 150 ሚሊዮን ዶላር የመደቡበት ይህ መርሐ ግብር ዋና ክፍሉ ለደሀ ቤተሰቦች በአካባቢ ሥራ የቀን ክፍያ የሚሰጥ፣ ከክፍያውም 20 በመቶውን የሚያስቆጥብ ነበር። ይህ ክፍል አሁንም በቤተሰብና በነዋሪነት የሚቆጥር ነው። በጎኑ ያለው ትንሹ ክፍል ግን የጎዳና ልጆችን፣ ጎዳና አዳሪዎችንና በልመና የሚተዳደሩትን ባሉበት ቦታ ፈልጎ እንዲመዘግብ ታስቦ ተቀረጸ። ጊዜያዊ ማቆያ፣ ምክርና ሕክምና፣ የሙያ ሥልጠና፣ ከቤተሰብ ጋር ማገናኘት ወይም ራስን ችሎ መውጣት በተከታታይ እንዲሰጡ የታቀደው በዚህ ክፍል ነው። በ2013 ዓ.ም. የጀመረው ሁለተኛው ምዕራፍ ወደ 83 ከተሞች ሰፋ።

በጎዳና ብዙ ዓመት የኖረ ሰው በአብዛኛው ከአንድ በላይ ሕመም ይዞ ነው የሚመጣው፤ የሱስ፣ የአእምሮ ሕመም፣ ያልታከመ ሳል፣ የቆየ ቁስል። ማቆያው ውስጥ ያለው ጊዜ ከስድስት ወር የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ካጠረና ሰውየው ወደ ሩቅ ቤተሰቡ ከተሸኘ፣ የማስተላለፊያ ወረቀቱ አብሮት ካልሄደ የተቋረጠ ሕክምና ይዞ ይጓዛል። የማኅበራዊ ሠራተኛውና የጤና ጣቢያው ቅንጅት የሚለካው በዚች ወረቀት ነው። ስለ ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅንም እንዲሁ ነው፤ በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ሲጀመር ለመክፈል የማይችሉትን መንግሥት እንዲሸፍን ቢወሰንም፣ የምዝገባው መለኪያ አሁንም ቤተሰብ እንጂ ግለሰብ አይደለም።

ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ከኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል የተፈናቀሉ ቤተሰቦች አዳማን ጨምሮ በኦሮሚያ ከተሞች ሲሰፍሩ የታየው ተቃራኒው ነው። መንግሥት ሲወስን ቦታ ሰጥቶ፣ ቤት ሠርቶ፣ በቀበሌ አስመዝግቦ ሰውን በአጭር ጊዜ ባለ አድራሻ ማድረግ እንደሚችል ታየ። ከመናኸሪያው በረንዳ ላይ ለሚያድረው ግን እንዲህ ያለ ውሳኔ አልመጣም። በ2015 ዓ.ም. የወጣው የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ሰነድ የሌለው ሰው በምስክር እንዲመዘገብ መፍቀዱ አንድ በር ከፍቷል።

እስከዚያው በመዝገቡ ላይ ከአድራሻው ጋር የሚሞላ አንድ ሌላ ቦታ አለ፤ የቅርብ ተጠሪ ስም። ለጎዳና ሕመምተኛ በዚያ ቦታ የሚጻፈው አጠገቡ የምትቀመጠው የቡና ሻጭ ወይም የሊስትሮ ጓደኛው ነው።